ለውድድሩ አዲስ ፎርክና ሾክ ልግዛ?

ጥያቄ፦ ባለ 250 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ምት የኢንዱሮ (ከአስፋልት ውጭ በአስቸጋሪ መሬት የሚደረግ ውድድር) ሞተር ሳይክል አለኝ። ከእኔ በፊት ሁለት ሰዎች ነድተውታል፤ የሞተሩ የሥራ ሰዓት ቆጣሪ 130 ሰዓት ያነባል። ያለ ትጥቅ 94 ኪሎ እመዝናለሁ። በድንጋያማ መንገድ ላይ የፊት ጎማው እየተፈናጠረ መሪውን ከእጄ ሊነጥቀኝ ይደርሳል፤ ከከፍታ ስወርድ ደግሞ ፎርኩ (የፊት ጎማውን የሚይዙት ሁለት እግሮች) እስከ መጨረሻው ሰምጦ ይጋጫል። እንዳይሰምጥ ብዬ የኮምፕሬሽን ማስተካከያውን (ፎርኩ ሲጨመቅ የሚገታውን) እስከ ጥግ ድረስ አጥብቄዋለሁ። በተቦረቦረ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስይዝ የኋላው ወደ ላይ ያነሳኛል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ክንዴ ይደርቅና ጣቶቼ መያዝ ያቅታቸዋል። አብረውኝ የሚወዳደሩት ሁሉ የፋብሪካውን ፎርክና የኋላውን ሾክ አውጥቼ የውድድር ኪት እንድገዛ ይመክሩኛል፤ ይህን ካደረግሁ ግን ያጠራቀምሁት ገንዘብ በሙሉ ያልቃል። የሚቀጥለው ውድድር ሁለት ወር ቀርቶታል። ልግዛ ወይስ ባለኝ ልቀጥል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ኪቱን አሁን አይግዙ፤ ሞተሩ ባለበት ሁኔታ መቀጠልንም አልመክርዎትም። ያለዎትን ፎርክና ሾክ ሙሉ ሰርቪስ ያስደርጉ፣ በዚያው አጋጣሚ ለክብደትዎ የሚስማማ ሞላ ያስገቡ፣ ከዚህ በኋላ የሚተርፍ ችግር ካለ ብቻ ወደ ውስጠኛው የቫልቭ ሥራ ይሂዱ። ይህን የምለው ገንዘብ ለማስቆጠብ ብቻ አይደለም፤ ደብዳቤዎ ውስጥ የዘረዘሯቸው ምልክቶች በአብዛኛው ለእርስዎ ክብደት ያልተዘጋጀና ዘይቱ ያረጀ ሰስፔንሽን (ፎርክና ሾክ በአንድ ላይ) የሚያሳያቸው ምልክቶች በመሆናቸው ነው።

ሰስፔንሽን በውድድር ውጤት ላይ ያለውን ድርሻ አሳንሼ እንዳልሆነ ግን እንዲረዱልኝ እፈልጋለሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 ስዊድናዊው ሀካን አንደርሰን በ250 ሲሲ የሞቶክሮስ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን፣ የነዳው ያማሃ ከኋላ በነበሩት ሁለት ሾኮች ፋንታ አንድ ረጅም ሾክ የተገጠመለት ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት የጎማው የመውጣትና የመውረድ ርቀት እየጨመረ ሄዶ ዛሬ በሙሉ መጠን የውድድር ሞተሮች ላይ 300 ሚሊሜትር አካባቢ ደርሷል። ጓደኞችዎ ሰስፔንሽን ላይ ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነው ማለታቸው ልክ ነው። የምለያቸው ገንዘቡ በየትኛው ቅደም ተከተል ይውጣ በሚለው ላይ ነው።

ከደብዳቤዎ ሁሉ በላይ ትኩረቴን የሳበው፣ የሚቃረኑ የሚመስሉ ሁለት ቅሬታዎች አብረው መምጣታቸው ነው። ፎርኩ በትናንሽ ድንጋዮች ላይ ድርቅ ይልብዎታል፤ በትልቅ ምት ላይ ደግሞ እስከ ታች ይሰምጣል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ሲሰማ «ፎርኩ ጠንካራ ነው» ይላል፣ ሁለተኛውን ሲያይ «ፎርኩ ለስላሳ ነው» ይላል፤ ሁለቱን ማስታረቅ ሲያቅተው ዕቃው የማይረባ ነው ብሎ ይደመድማል። ነገሩ ግን በአንድ ምክንያት ሊብራራ ይችላል። ሞላው ክብደትዎን መሸከም ሲያቅተው ፎርኩ ገና ድንጋይ ሳያገኘው ዝቅ ብሎ ይጓዛል፤ በተለይ ፍሬን ሲይዙና ቁልቁለት ሲወርዱ ለስላሳውን የጉዞውን ክፍል አስቀድሞ ይጨርሰዋል። ድንጋዩ ሲመጣ የሚያገኘው ጠንከር ያለውን የታችኛውን ክፍል ነው፤ ምክንያቱም ፎርኩ በሰመጠ መጠን ሞላው ይበልጥ ይጨመቃል፣ ከዘይቱ በላይ ያለው አየርም እየታመቀ ራሱን እንደቻለ ሞላ ይገፋል። በዚህ ላይ የኮምፕሬሽን ማስተካከያውን እስከ ጥግ አጥብቀውታል፤ ዘይቱ በፍጥነት ማለፍ ሲገባው መንገዱ ጠብቦበታል፤ ጎማው ድንጋዩን ተቀብሎ ከማለፍ ይልቅ ወደ ጎን ይፈናጠራል። ስለዚህ ደርቆ የሚሰማዎት ፎርክ በእውነቱ ለእርስዎ ከሚገባው በላይ ለስላሳ ሊሆን ይችላል፤ በማጥበቅ ልናድነው ስንሞክር ደግሞ ችግሩ ይብሳል።

አብዛኞቹ የኢንዱሮ ሞተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ የሚገባላቸው ሞላ ከ75 እስከ 85 ኪሎ አካባቢ የሚመዝን ነጂን ታሳቢ ያደረገ ነው። እርስዎ 94 ኪሎ ነዎት። ቦት ጫማው፣ ሄልሜቱ፣ የደረትና የጉልበት መከላከያው፣ በጀርባ የሚታዘለው ውኃ፣ በወገብ የሚታሰሩት መፍቻዎች ሲደመሩ ሞተሩ ላይ የሚቀመጠው ሸክም ከ100 ኪሎ ያልፋል። ከዚህም በላይ ሞተሩ ሁለት ባለቤቶች ስለነበሩት አንዳቸው ሞላውን ለራሳቸው ክብደት ቀይረውት ሊሆን ስለሚችል፣ ከምንም በፊት መለካት ያስፈልጋል። ሜትርና ሁለት ረዳት ይበቃዎታል።

አለካኩ እንዲህ ነው። ሞተሩን የኋላ ጎማው መሬት እንዳይነካ በማቆሚያ ላይ ከፍ ያድርጉት። ከኋላ ጎማው ፔርኖ መሐል ተነሥተው በቀጥታ ወደ ላይ፣ ፓራፋንጎው ላይ በቴፕ ምልክት ወዳደረጉበት ነጥብ ይለኩና ይጻፉት፤ 610 ሚሊሜትር ሆነ እንበል። ከዚያ ሞተሩን አውርደው በራሱ ክብደት ብቻ ቀጥ ብሎ እንዲቆም አንድ ሰው በጣቱ ጫፍ ይደግፈውና ያንኑ ርቀት ይለኩ። በመጨረሻም ሙሉ ትጥቅዎን ለብሰው፣ ውኃዎን አዝለው፣ ውድድር በሚጀምሩበት የነዳጅ መጠን ሞተሩ ላይ ይውጡ፤ እግር ማስቀመጫው ላይ እንደቆሙ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨመቅ ለቀቅ አድርገውት ሲረጋ ረዳትዎ ይለካ። በራሱ ክብደት የወረደውን የባዶ ዝቅታ፣ በእርስዎ ክብደት የወረደውን ደግሞ የጭነት ዝቅታ እንበለው። የጭነት ዝቅታው ሊንኬጅ (ሾኩን ከኋላ ጎማው ክንድ ጋር የሚያያይዙ ማገናኛዎች) ባላቸው ሞተሮች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 105 ሚሊሜትር አካባቢ፣ ሊንኬጅ በሌላቸው ላይ እስከ 110 አካባቢ ይፈለጋል፤ የባዶ ዝቅታው ከ30 እስከ 40 ሚሊሜትር ቢሆን መልካም ነው። የሞተርዎ መመሪያ ከዚህ የተለየ ቁጥር ከሰጠ የመመሪያውን ይከተሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁጥሮቹን ሲተረጉም ነው። እርስዎ ላይ ሆነው 505 ሚሊሜትር ቢለካ ዝቅታው 105 ስለሚሆን ሁሉም ነገር ልክ ይመስላል። ነገር ግን ባዶውን ሲለኩት 600 ካገኙ፣ ማለትም ሞተሩ በራሱ ክብደት 10 ሚሊሜትር ብቻ ከወረደ፣ ሞላው ለእርስዎ ደካማ ነው። ከመጀመሪያው ሲያዩት ሞላው ጠንካራ ስለሆነ የማይወርድ ይመስላል፤ እውነታው ግን ደካማውን ሞላ 105 ላይ እንዲያቆምዎት ለማድረግ ከሞላው በላይ ያለው መጭመቂያ ዳዶ ከልክ በላይ ስለተጠበቀ ነው። እንዲህ የታፈነ ሞላ ክብደት ወደ ፊት በሚሄድበት ጊዜ፣ በተለይ ፍሬን ሲያዝ፣ የኋላውን በቶሎ እስከ ላይኛው ገደብ ይገፋዋል፤ ጎማው ጉድጓዱን ተከትሎ የሚወርድበት ቦታ አይቀረውም፤ የሚቀጥለውን ጉብታ ሲያገኝ ያነሳዎታል። የነገሩኝ ቅሬታ ከዚህ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል፣ ስትለኩ ይህን የመሰለ ቁጥር ብታገኙ አይገርመኝም። በተቃራኒው የጭነት ዝቅታው ልክ ሆኖ ባዶው 50 ወይም ከዚያ በላይ ቢመጣ ሞላው ለእርስዎ ጠንካራ ነው ማለት ነው።

ሞላውን ሲቀይሩ የፊቱንና የኋላውን አብረው ይቀይሩ። የኋላውን ብቻ አጠንክሮ የፊቱን በነበረበት መተው ሞተሩን ወደ ፊት እንዲያዘነብል ያደርገዋል፤ መሪው በፈጣን መንገድ ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ፎርኩም ከበፊቱ የባሰ ይሰምጣል። የፎርክ ሞላዎች በብዙ አምራቾች ዘንድ በ0.2 ኒውተን በሚሊሜትር ልዩነት ይሠራሉ፤ በእርስዎ ክብደት ምናልባት ከፋብሪካው አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ከፍ ማለት ይጠበቅብዎታል። ትክክለኛውን ቁጥር የሞተሩን ዓይነትና ዓመተ ምርት፣ ክብደትዎን ከነትጥቁ ነግረው ከሞላ አምራቹ ሰንጠረዥ ላይ ያገኙታል። ጠንካራ ሞላ ሲመለስ የሚገፋበት ኃይል ስለሚጨምር፣ ከተገጠመ በኋላ ሪባውንዱን (ከተጨመቀ በኋላ የሚመለስበትን ፍጥነት) ሁለት ሦስት ክሊክ (የማስተካከያው እርከን) ማዘግየት እንዳይረሱ።

ወደ ሰርቪሱ ስመጣ፣ 130 ሰዓት የተነዳ ሞተር የፎርኩ ዘይት መቼ እንደተቀየረ የሚናገር መዝገብ ከሌለው አልተቀየረም ብሎ መነሣት ይሻላል። የውድድር ሞተሮች መመሪያዎች የፎርክና የሾክ ሰርቪስን ከ30 እስከ 50 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚያዙ ብዙ ናቸው። በእነዚህ ሰዓታት ውስጥ ሞላው ከቱቦው ጋር፣ ቡሺንጎቹ ከአሉሚኒየሙ ጋር እየተፋተጉ የሚወጣው የብረት ብናኝ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል፤ ዘይቱ ይጠቁራል፣ ይቀጥናል፣ የመግታት አቅሙም ይወርዳል። የኋላው ሾክ ከዚህ የባሰ ይሞቃል፤ ብዙ ሰው ግን ዘይት እንዳለው እንኳ አያስታውሰውም። ሾኩን ራስዎ እንዲከፍቱት አልመክርም፤ ውስጡ 10 ባር አካባቢ በሆነ ናይትሮጅን የተሞላ ስለሆነ ባለሙያና መሣሪያ ይፈልጋል። የሊንኬጁንና የኋላውን ሹካ (የኋላ ጎማውን የሚይዘውን ክንድ) ኩሽኔታዎች ግን ራስዎ አውጥተው ማየት ይችላሉ፤ ውኃና ጭቃ ገብቶባቸው የዛጉ ኩሽኔታዎች ምንም ዓይነት ውድ ሾክ ቢገጠምላቸው እንቅስቃሴውን ያንቁታል።

አንድ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ፣ ምንም ሳይገዙ እንዲፈትሹ እለምንዎታለሁ። የፊት ጎማ ተፈትቶ በተገጠመ ቁጥር የፎርኩ ሁለት እግሮች በትይዩ ካልተቀመጡ እርስ በርሳቸው ይተናነቃሉ፤ ፎርኩ በትናንሽ ነገሮች ላይ ድርቅ የሚለው በዚህ ብቻ የሆነበት ጊዜ አለ። ፔርኖውን ካጠበቁ በኋላ፣ ከፔርኖው ዳዶ ተቃራኒ በሆነው እግር ላይ ያሉትን ማጣበቂያ ብሎኖች ሳያጠብቁ ይተዉአቸው። ሞተሩን መሬት ላይ አቁመው የፊት ፍሬኑን ይዘው ፎርኩን አምስት ስድስት ጊዜ በኃይል ይጫኑት፤ ልቅ የሆነው እግር ፔርኖው ላይ ተንሸራትቶ የራሱን ቦታ ይይዛል። ብሎኖቹን የሚያጠብቁት ከዚያ በኋላ ነው። ፎርኩን የሚይዙት የላይኛውና የታችኛው ማቀፊያ ብሎኖችም በግምት ከተጠበቁ የላይኛውን ቱቦ ስለሚጨምቁት በውስጡ የሚንሸራተተው እግር ይያዛል። በብዙ ሞተሮች ላይ የሚታዘዘው ጥብቀት 20 ኒውተን ሜትር አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ በረጅም ቁልፍ በክንድ ጉልበት የሚያጠብቅ ሰው ይህን ሳያውቀው ያልፈዋል። መለኪያ ያለው ቁልፍ ከሌለዎት ይዋሱ። እግረ መንገድዎን የአየር ማስወጫ ብሎኖቹን ከፍተው በፎርኩ ውስጥ የታፈነውን አየር ያስተንፍሱ። የጎማውን ንፋስም ይለኩ፤ ካላማዳሪያ ላለው የኢንዱሮ ጎማ ከ0.8 እስከ 1.0 ባር የተለመደ ሲሆን፣ ከዚህ በላይ የተነፋ ጎማ ድንጋይ ላይ ልክ እንደ መጥፎ ፎርክ ያፈናጥራል።

ሞላውና ዘይቱ ከተስተካከሉ በኋላ ማስተካከያዎቹን ሁሉ መመሪያው ወደሚለው መነሻ ይመልሷቸው። የሚቆጠረው ከተዘጋበት ወደ ኋላ ነው፤ ሲዘጉት በቀስታ ይሁን፣ ጫፉ እንዳይጎዳ። ለመሞከሪያ ድንጋይ፣ የፍሬን ቦርቧራና አንድ ከፍታ ያለበት፣ በሁለት ሦስት ደቂቃ የሚዞሩት አጭር መንገድ ይምረጡ፤ ዘይቱ እስኪሞቅ ጥቂት ይንዱ፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ፣ ሁለት ክሊክ ብቻ እየቀየሩ ይጻፉት። በተከታታይ ጉብታዎች ላይ ፎርኩ ቀስ በቀስ እየሰመጠ ከሄደ ሪባውንዱ ዘግይቷል፤ ከእያንዳንዱ ጉብታ በኋላ ወደ ላይ የሚወረወር ከሆነ ፈጥኗል። በታችኛው የፎርክ እግር ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ያስሩና ወደ ጎሚኒው ያስጠጉት፤ ዙሩን ሲጨርሱ የደረሰበት ቦታ ምን ያህል የጉዞ ርቀት እንደተጠቀሙ ያሳይዎታል። በመንገዱ ትልቁ ምት ላይ እስከ መጨረሻው ሊደርስ ጥቂት ቢቀረው ወይም አንድ ጊዜ ቀስ ብሎ ቢነካ ትክክል ነው፤ ሁልጊዜ 50 ሚሊሜትር የሚተርፍ ከሆነ ያንን ርቀት በከንቱ ተሸክመውት እየዞሩ ነው።

ይህን ሁሉ አድርገው ፎርኩ አሁንም በትልቁ ምት ላይ እየተጋጨ በትንሹ ላይ ደግሞ ከደረቀ፣ ያን ጊዜ ችግሩ ቫልቩ ላይ ነው ለማለት በቂ ምክንያት ይኖርዎታል። በፎርኩና በሾኩ ፒስተኖች ላይ የተደረደሩት ሺም የሚባሉ ስስ የብረት ቀለበቶች እየታጠፉ ዘይቱን ያሳልፋሉ፤ ባለሙያ ብዛታቸውን፣ ውፍረታቸውንና ዲያሜትራቸውን በመቀየር ፎርኩ በድንጋይ ላይ እንዲያሳልፍ፣ በመሐል ጉዞው ላይ ግን እንዲደግፍዎት ማድረግ ይችላል። የዚህ ሥራ ዋጋ ከኪቱ ጋር አይነጻጸርም፤ የገዙት ሞላም አይጣልም። ባለሙያውን የሚለዩት በሚጠይቅዎት ጥያቄ ነው። ክብደትዎን፣ የሚወዳደሩበትን መሬት፣ ምን ያህል ፈጣን እንደሆኑ፣ ቆመው ወይስ ተቀምጠው እንደሚነዱ፣ የለኩትን ዝቅታና የክሊክ ቁጥር ሳይጠይቅ «ተወው እኔ አውቃለሁ» የሚል ሰው የሚሠራልዎት ለማንም የሚሠራውን ነው። በድንጋይና በሥር ላይ ቀስ ብሎ የሚወጣበት የሃርድ ኢንዱሮ ውድድርና ረጅም ቦርቧራ ያለበት የበረሃ ውድድር የሚፈልጉት አሠራር እጅግ የተራራቀ ስለሆነ፣ ያንን ማስታወሻዎን ይዘው ይሂዱ።

ስለ ኪቱም ፍትሐዊ ልሁን። ጥሩ ኪት ሰበቃን የሚቀንስ ልባስ ያላቸው እግሮች አሉት፣ ማስተካከያዎቹ ሰፊ ናቸው፣ በረጅም ውድድር ሙቀት ውስጥ ባሕርዩን ይዞ ይቆያል። ዙር በዙር ሰዓቱ በማይለዋወጥና ልዩነቱን በእጁ በሚያውቅ ተወዳዳሪ እጅ ዋጋውን ይመልሳል። ነገር ግን ኪቱም ቢሆን በውስጡ የሆነ ሞላ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ያ ሞላ ለ80 ኪሎ ሰው ከሆነ ዛሬ ካለዎት ችግር ብዙም አይርቁም፤ ሰርቪሱም እንደ ሌላው ሁሉ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል፣ አንዳንዱም ከፋብሪካው ቶሎ ይፈልጋል። ሞተሩን ሲሸጡም ፎርኩን አውጥተው ወደ ሌላ ሞተር ማዛወር ሁልጊዜ አይሳካም፤ ርዝመቱ፣ የማቀፊያው ዲያሜትርና የፔርኖው ልክ ይለያያል። ፎርኩ ሲከፈት ቱቦው የተጠማዘዘ ወይም ልባሱ ተልጦ ብረቱ የታየ ከሆነና መለዋወጫውም ከኪቱ ዋጋ ጋር የሚቀራረብ ከሆነ ግን ምክሬን እለውጣለሁ፤ ያን ጊዜ አሮጌውን ማደስ ትርጉም የለውም። አሮጌ ኪት በርካሽ ቢቀርብልዎትስ? ሰርቪሱን፣ ሞላውንና ገጣጠሙን ደምረው ከማየትዎ በፊት እሺ አይበሉ።

ክንድዎ መድረቁን በተመለከተ፣ የተስተካከለ ፎርክ እንደሚያቀልልዎት አምናለሁ፤ ሙሉ በሙሉ ያድነዋል ብዬ ግን ቃል አልገባም። መሪው ለቁመትዎ ዝቅ ያለ እንደሆነ፣ የፍሬንና የክላች እጀታዎቹ ቆመው ሲነዱ የእጅዎን አንጓ የሚሰብሩ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ሞተሩንም ከእጅ ይልቅ በጉልበትዎ መያዝን ይለማመዱ።

ሁለት ወር ለዚህ ሁሉ ይበቃል። በዚህ ሳምንት ይለኩ፣ የፔርኖውንና የማቀፊያዎቹን ነገር ያስተካክሉ፣ የኮምፕሬሽኑን ማስተካከያ ከጥጉ አላልተው ወደ መነሻው ይመልሱ፤ ይህ ብቻ እንኳ ምን ያህል እንደሚለውጥ ለማወቅ አንድ ቀን ይንዱበት። ሞላውን ወዲያው ይዘዙ፤ ሲደርስ ፎርኩና ሾኩ ለሰርቪስ በተከፈቱበት ጊዜ ይግባ፣ የጉልበት ዋጋ ሁለት ጊዜ እንዳይከፍሉ። ከውድድሩ በፊት ባለው የመጨረሻ ሳምንት ምንም አይቀይሩ። ሞላው ከዘገየብዎት በአዲስ ዘይት ይወዳደሩ፤ ባለሙያው የፎርኩን ዘይት መጠን መመሪያው በሚፈቅደው ወሰን ውስጥ ከፍ ቢያደርገው ከዘይቱ በላይ ያለው የአየር ቦታ ስለሚጠብ መጋጨቱን ይቀንስልዎታል፤ ሞላው ሲገባ ግን መጠኑ ወደ ቦታው እንዲመለስ ያስታውሱት።